አባዬ እማዬን ያስተዋወቃት ዕለት

ዛሬ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኢገን ከተማ ነዳጅ ስቀዳ አንድ ሰውዬ ሚስቱን ለጓደኛው «ማይ ኦልድ ሌዲ» ብሎ ሲያስተዋውቃት ሰማሁና ፊቴ ጋለ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አባዬም እማዬን ለአስተማሪዬ ያስተዋወቃት በዚሁ ቃል ነበር። አስተማሪዬ ሳቋን አፈነች፤ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ የሚነዳውን ታክሲ ማሞቂያ ከፈተ።

«አሮጊት ነው ያልከኝ?» አለችው እማዬ።

አባዬ ደነገጠ። «ሥራ ቦታ ሁሉም ሚስቱን እንዲህ ነው የሚላት። የፍቅር መስሎኝ ነው።»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ቋንቋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስድብ ነው ወይስ ፍቅር?»

«አይ ዶንት ኖው» አልኳት፣ በመስኮት በረዶውን እያየሁ።

አባዬ እስከ ዛሬ እማዬን ለፈረንጅ ሲያስተዋውቅ ስሟን ብቻ ይጠራል። ከዚያ፣ አጠፋሁ እንዴ በሚል ዓይን ዞር ብሎ እኔን ያየኛል።