እትዬ ውሃውን ሲፈልጉ

እትዬ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ውጭ አገር፣ ኤድመንተን ባለው ቤታችን አብረውን ኖረው እዚያው አረፉ። ሰው ስለ ደግነታቸው ያወራል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ትዝ የሚሉኝ ፎጣ ይዘው ክፍሉን የሚያሞቀው ራዲያተር ሥር ተንበርክከው ነው።

አንድ ክረምት ለራዲያተሮቹ ውሃ የሚያሞቀው የቦይለሩ ፕሬዠር፣ የውሃው ግፊት፣ እየወረደ ቤቱ ይቀዘቅዝብን ነበር። እኔ ግፊቱ እንዲመለስ ጠዋት ጠዋት ውሃ እሞላበታለሁ።

«መሙላቱን ተዪውና የሚያፈስበትን እንፈልግ» አሉኝ። ቧንቧውን ሁሉ አደረቁና በየመገጣጠሚያው ሶፍት ጠመጠሙ። «በይ አሁን ሻይሽን ጠጪ። የሚያፈስ ካለ ሶፍቱ ይረጥባል።» ሳሎን ያለው ረጥቦ አገኘነው።

ባለፈው ሳምንት ፕሬዠሩ እንደገና ወረደ። ባለቤቴ «ሰው እንጥራ» አለኝ።

«መጀመሪያ እኔ ቼክ ላድርግ» አልኩት።

እንደ እሳቸው አደረቅሁ፣ ሶፍት ጠመጠምኩ፣ ጠበቅሁ። አንዱም አልረጠበም። ያላየሁት ከቀብሩ ወዲህ ያልገባሁበትን የእትዬን ክፍል ብቻ ነበር።

እንደምንም ገባሁ። አልጋቸው እንደተነጠፈ ነው። ራዲያተሩ ሥር እጄን ስሰድ ምንጣፉ ርሷል። «እትዬ፣ አገኘሁት» ብዬ ወደ አልጋው ዞርኩ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ መፍቻ አምጥቼ የላላውን መገጣጠሚያ አጠበቅሁና ተዘግቶ የቆየውን ራዲያተር ከፈትኩት። ባለቤቴ ቀስ ብሎ መጣና «በሩን ልዝጋልሽ?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት። «ከእንግዲህ ይሄም ክፍል ይሙቅ። እንኖርበታለን።»