ጠብታና ታላቅ ወንድሟ

በሳሙና ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ሁሉም ሰው ጠብታ ይላታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አጠገቧ ቆሜ ስንት ዘመን ስለሠራሁ መብቴ ነው። ሥራችን ለሳሙና የሚመጣው ስብ ምን ያህል እንደኮመጠጠ መለካት ነው። ስቡን በጠርሙስ ውስጥ እናሟሟለን፣ ከላይ ቢዩሬት እናቆማለን። ቢዩሬት ማለት ቁጥር የተጻፈበት፣ ከታች መክፈቻ ያለው ረጅም ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ነው። በእሱ ኮስቲክ ሶዳ እናንጠባጥባለን፤ ፈሳሹ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ ሲቀር እናቆማለን።

ማቆሙ ላይ ነው ጣጣው። እኛ አንድ ጠብታ አሳልፈን ቀይ ሥር እናስመስለውና እየተሳደብን እንደገና እንጀምራለን። እሷ ግን ግራ እጇ መክፈቻውን ከኋላ አቅፎ፣ ቀኝ እጇ ጠርሙሱን እያሽከረከረ፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችውን ግማሽ ጠብታ በጠርሙሱ አንገት ታስነካና በውሃ ታጥባታለች። እንዲህ ያለ እጅ ላይ የሚጨክን ሰው መኖሩ ያንገበግበኛል።

ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ብረት በያጅ። እናትና አባታቸው ሲሞቱ አበላት፣ አስተማራት፣ ደበደባት። ከንፈሯ አብጦ ስትመጣ ከደረጃ ወደቅሁ ትለኛለች። ደረጃው ምን ቂም ቢኖረው ነው ብዬ እቀልዳለሁ፤ ቤታቸው ደረጃ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን። በመጨረሻ መረራትና እኔ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች። ፍራሿንና ልብሷን እሱ ሥራ ላይ እያለ አወጣን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የቤተ ሙከራውን በር በእርግጫ በርግዶ ገባ። የፋብሪካው ዘበኛ አፍንጫው እየደማ ከኋላው ይከተለዋል። ወንድምየው ማንንም ሳያናግር ፀጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ እንደ ዝንብ አራገፈኝና ግድግዳው ተቀበለኝ። ጠረጴዛውን ሙጥኝ ስትል ግራ እጇን ጠምዝዞ ጣቶቿን ወደ ኋላ አጠፋቸው። ሲሰበሩ ሰማሁ።

ያም አልበቃውም፤ የሚመታበት ነገር ፈለገ። የዚያን ቀን የመጣው ስብ ክፉኛ የኮመጠጠ ስለነበር ቢዩሬቱን በጠንካራው ሶዳ ሞልታው ነበር። ከማቆሚያው መንጭቆ ከራሱ በላይ ሲያነሳው ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ተላተመ። ብርጭቆው ተሰበረ፣ ሶዳው በሙሉ ዓይኑ ውስጥ ወረደ።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ተንበርክኮ ዓይኑን እየቧጠጠ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ሶዳ ነው አለችው።

«አሲዱን አምጪ! አፍስሺበት! አንዱ አንዱን ያጠፋል ብለሽኛል!»

ተማሪ ሳለች ማታ ማታ ትምህርቷን ያስጠናት ነበር፣ ስትሳሳት በኩርኩም። ከዚያ ሁሉ ይቺን ይዞ ቀርቷል። በጠርሙስ ውስጥ ልክ ነው፤ ዓይን ላይ ግን በእሳት ላይ እሳት መጨመር ነው። ሶዳውን የምንፈትሽበት የአሲድ ጠርሙስ ከእጇ ክንድ እንኳ አይርቅም። አልዋሽም፣ እኔ በልቤ አፍስሺበት ብያለሁ። ትእዛዙ የራሱ ነው፣ እሷም ቃሉን ጥሳ አታውቅም፤ ማን ይጠይቃታል?

ጠብታ ማጅራቱን ይዛ ወደ መታጠቢያው ጎተተችውና ቧንቧውን ለቀቀችበት። ውሃ መሆኑን ሲያውቅ የምትገድለው መሰለው። ሆዷን በክርኑ ደቃት፣ ክንዷን ነከሳት፣ አሲድ ነው ያልኩሽ እያለ አጓራ። በተሰበረው እጇ ራሱን ተጭና በደህናው የዓይኑን ቆብ ፈለቀቀች።

«አሲድ ካፈሰስኩበት ትታወራለህ። ዝም በል» አለችው።

እሱን ዝም በል ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ከአፏ የሚንጠባጠበው ደም ከውሃው ጋር ይወርዳል። በደበደባት ቁጥር ይበልጥ ትጫነዋለች። እኔም ሄጄ ሌላውን ዓይን ገለጥኩ፣ በፍቅር አይደለም። አምቡላንስ እስኪመጣ አልለቀቅነውም።

ሆስፒታል ሐኪሙ ዓይኑ እንደሚያይ፣ ያተረፈውም ውሃው እንደሆነ ነገረው። ሐኪሙ ሲወጣ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ እንደታሰሩ፣ ወደ እሷ ዞረ። ያመሰግናታል ብዬ ጠበቅሁ። ታክሲ ጥሪ፣ ፍራሽሽንም ዛሬውኑ መልሺ አላት።

ጠብታ በጀሶ የታሰረ እጇን አቅፋ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ነበር።

«ዓይንህን አትርፌልሃለሁ፣ ጋሼ። ቤት ግን አብሬህ አልገባም።»

ድምጿ ወደመጣበት በቡጢ ሰነዘረ። ቡጢው የአልጋው ብረት ላይ አረፈ። ጣቶቹን ይዞ እየተንሰፈሰፈ ስሟን ሲጠራ እኛ ኮሪደሩን ጨርሰን ነበር፤ ቆም ትላለች ብዬ ፈራሁ፣ አልቆመችም።