ማን ቆረጠው?

ከአገር የወጣሁ ዕለት አመሻሹ ላይ የስልኩን ሽቦ በመጥረቢያ ቆረጥሁት። የሚያሳድዱኝ ወታደሮች ወደ ድንበሩ ኬላ ደውለው እንዳያስይዙኝ ብዬ ነው። እኔ ሱዳን ገባሁ፤ እነሱ ታናሽ ወንድሜን ታደሰን ይዘው «ማን ቆረጠው?» እያሉ በሰደፍ መንጋጋውን ሰበሩት። አያውቅማ፣ ምን ብሎ ይናገር። የስደተኛ ካምፕ ሆኜ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ በስልክ ስንገናኝ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሞተው ሰው እናወራለን እንጂ ያን ነገር አንስቼበት አላውቅም።

ላስ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥ ሳህን ሳጥብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሙቀቱ የመተማን ያስንቃል። መተማ ዛፍ ሥር ትጠጋላችሁ፣ እዚህ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚሉት መንገድ ላይ ግን የቆመ መኪና ጥላ ብቻ ነው ያለው።

ዘንድሮ ታደሰ «ልጄ ካሜራ ያለው ስልክ ገዛችልኝ፣ እሑድ ሲመሽ ፊትህን ልየው» አለኝ። እዚህ ጠዋት ነው። ፊቱን እያየሁ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንሁ።

ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ። ኢንተርኔት ያስገባው ሰውዬ ከኢንተርኔቱ ሳጥን እስከ ጠረጴዛዬ የዘረጋው ገመድ ግን ረዘመብኝ፤ ሁለቴ ጠልፎ ጣለኝ። ትርፉን በቢላዋ ቆርጬ አወጣሁና፣ አገር ቤት የሬድዮ ሽቦ እንደምንቀጥለው ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዤ በፕላስተር አሰርሁት።

እሑድ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልተገናኘም አለኝ። ወደ ኢንተርኔት ኩባንያው ደወልሁ።

«አጥፍተው አብርተውታል?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ሦስቴ።»

«ገመዱን የነካው ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል፤ ብቻዬን ነው የምኖረው።»

«እንግዲያው ሐሙስ ሰው እንልካለን።»

ሐሙስ ምን ያደርግልኛል። ብልሽቱ ግድግዳው ውስጥ ነው ብዬ መዶሻ አነሣሁ። የምትመጡ ሰዎች እወቁት፣ እዚህ አገር ግድግዳው ካርቶን ነው። በአንድ ምት ተቦደሰ። ደግሜ ደጋግሜ መታሁት፤ እጄ ደማ። የአፓርታማው ማኔጀር በሩን በርግዶ ገባ።

«ሚስተር፣ ግድግዳው ምን አደረገዎት?»

«ዞር በል።»

መዶሻውን ያዘብኝ። ደረቱን ገፍቼ ከሶፋው ጋር አጋጨሁት። ተነሥቶ እጄን ጠምዝዞ ፈልቅቆ ወሰደው።

«ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ጥራ። መጀመሪያ ከወንድሜ ጋር አገናኘኝ።»

እያለከለከ ቁልቁል ሲያይ ፕላስተሩ ላይ ዓይኑ ወደቀ።

«ይህን ማን ቆረጠው?»

ፕላስተሩን በእግሬ ሸፈንሁት። ራሱን እየነቀነቀ ሄደና ከቢሮው ሌላ ገመድ አምጥቶ ሁለቱን ጫፍ ሰካው። አረንጓዴ መብራት በራ። «የግድግዳውን ነገ እንነጋገራለን» ብሎ መዶሻዬን ይዞ ወጣ።

ታደሰ ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ አለ። አገጩ ወደ ግራ ዞሯል፤ ሲናገር አፉ በአንድ በኩል ነው የሚከፈተው።

«ምነው ወንድምዓለም፣ ቆየህብኝ?»

«ሽቦው ተቆርጦ ነበር።»

«ደግሞ ማን ቆረጠው?» አለ እየሣቀ።

«እኔ። ያኔም እኔ ነኝ ታደሰ፣ የስልኩን።»

ሣቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ሰምቶኝ ይሁን ሳይሰማኝ እንጃ። የእኔ መብራት አረንጓዴ ነው፤ የተቋረጠው በእሱ በኩል ነው። እዚያ ተኩስ አለ፣ ኔትወርክ ተዘግቷል ይላሉ።

በየእሑዱ ጠዋት እደውላለሁ። ማኔጀሩ ያመጣው ገመድ ከፊተኛውም ይረዝማል። ትናንት ጥሎኛል፤ ጉልበቴ ቆስሏል። አልነካሁትም።