ከጸበል የመጣ ስም

ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ካቆምኩ በኋላ ሞላሌ ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። መድኃኒቱን የሚሰጡት ባለቤቱ ናቸው፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። የበሽተኛውን ስም፣ የመድኃኒቱን ዓይነትና ካርቶኑ ላይ የታተመውን ቁጥር መዝገብ ላይ የማሰፍረው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ለቁጥሩ ማንንም ቀና ብዬ ማየት አያስፈልገኝም። ለስሙ ግን አፍ መክፈት አለ። ድምፄ ስለማይሰማ ሰው «ምን አልሽ?» ይለኛል፤ ያኔ ጭራሽ ይጠፋል።

አንድ ቀን ከዞን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መጣ። መደርደሪያውን ሲያይ ቆይቶ አንድ ካርቶን አወረደ። ሳል ለጸናባቸው ሕፃናት የሚሰጥ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። ይህ ቁጥር ያለበት ምርት ተበላሽቶ ስለተገኘ እየተሰበሰበ መሆኑን ነገረን። ከካርቶኑ አንዲት ብልቃጥ ጎድላለች።

መዝገቡን ገለጥኩ። ብልቃጧ ባለፈው የገበያ ቀን ነው የወጣችው። ቁጥሩም፣ የልጅቷ ዕድሜም፣ ስሟም አለ። ጋሼ ስሙን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ እኮ የክርስትና ስም ነው።»

በ«ወለተ» የሚጀምር ስም ነበር። በእኛ አገር ሴት ልጅ ክርስትና ስትነሳ እንዲህ ያለ ስም ይወጣላታል፤ ቄሱና ቤተሰቡ ያውቁታል እንጂ ጎረቤት አይጠራትም።

«ገበያ መሀል ቆመሽ ብትጣሪ ግማሹ ‹አቤት› ይልሻል» አሉኝ ጋሼ።

ተቆጣጣሪው አልሳቀም። «መድኃኒቱ አይሠራም። እናትየው ግን ልጄ እየታከመች ነው ብላ ቤቷ ትቀመጣለች» አለ።

እናቲቱን ለማስታወስ ሞከርኩ። የሰው ፊት ስለማላይ ፊቷ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠችው ትንሽ ጀሪካን ነው። ውሃ ሲንጠባጠብበት መዝገቡ እንዳይርስ ወደ እኔ ስቤው ነበር። ያዘለቻት ልጅም ፀጉሯ እርጥብ ነበር።

«ከጸበል ነው የመጡት» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እዚያ ስም ሲጠየቅ የሚነገረው የክርስትና ስም ነው። እኔም ስጠይቃት ያንኑ ነገረችኝ።

ጋሼ «ጸበሉን ካልጨረሱ አሁንም እዚያው ናቸው» ብለው ከሌላ ካርቶን ብልቃጥ አውጥተው ሰጡኝና ላኩኝ። ጸበሉ ጋ ስደርስ ሰው ተሰልፏል። ከኋላ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ። ካህኑ አዩኝ።

«አንቺን ደግሞ ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«እኔን አይደለም፣ አባ።»

«የመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሰው ሳቀ። ስሙን ነገርኳቸው።

«ድምፅሽን አውጪው እንጂ ልጄ! ውሃው እየበለጠሽ ነው።»

ዓይኔን ጨፍኜ ጮህኩ። ጸበልተኞች ከሚያርፉበት ዳስ ውስጥ አንዲት ሴት «አቤት! ተራችን ደረሰ?» እያለች ወጣች። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ትስላለች።

የመጣሁበትን ስነግራት ከነጠላዋ ጫፍ ብልቃጧን ፈታች። እሽጉ አልተነካም።

«ጸበሉን ሳንጨርስ አልጀምርላትም ብዬ ነው» አለች። እሽጉን ሳይ የተሰማኝ ደስታ ወዲያው ጠፋ፤ ልጅቷ እስካሁን ምንም አልወሰደችም ማለት ነው። ካህኑን አየኋቸው።

«ስጫት እንጂ! ማን ከለከለሽ?» አሏት። «በይ፣ ዛሬውኑ ጀምሪላት።»

አዲሱን ሰጠኋት። በጸበሉ ልትበጠብጠው ስትል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ መሆን እንዳለበት ነገርኳት፤ ሰምታኝ እንደሆነ እርግጠኛ ስላልሆንኩ መልሳ እንድትነግረኝ አደረግኩ። ከዚያ ልጅቷን ጎረቤት ማን ብሎ እንደሚጠራት ጠየቅኋትና መዳፌ ላይ ጻፍኩት፤ ከአሮጌዋ ብልቃጥ ጋር ይዤው ተመለስኩ።

ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ እናትና ልጅ በመድኃኒት ቤቱ በር አለፉ። ልጅቷ አልታዘለችም፤ ሸንኮራ ይዛ በእግሯ ትሄዳለች። በስሟ ጠራኋት፣ በቤት ስሟ። ዞር ብላ አየችኝና የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች።

መዝገቡ ላይ ጋሼ በማስመሪያ አስምረው ለቤት ስም አንድ ዓምድ ጨመሩልኝ። አሁን የመጣውን ሰው ሁሉ ሰፈሩ ማን ብሎ እንደሚጠራው እጠይቃለሁ። ዛሬም «ምን አልሽ?» ይሉኛል። እደግመዋለሁ።