የቡላው ፈረስ ጆሮ

ሙያዬ ታፔላ መጻፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ የነበረውን የፀጉር ቤት፣ የሥጋ ቤት፣ የጎማ ጥገና ታፔላ አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ። አባቴ ከገጠር ለገበያ ሲመጡ በዚያው በኩል ያልፋሉ። አንድም ቀን ቀና ብለው አላዩልኝም። ያን የሚያህል ትልቅ ሴት ሆኜ እንዲያዩልኝ መጓጓቴ ራሴን ያናድደኝ ነበር።

በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ከእንጅባራ አቅራቢያ ዘንገና ሐይቅ ዳር፣ የሙዚቃና የሥዕል በዓል ነበር። የሙዚቃ ባንድ ይጫወታል፣ ፈረሰኞች ይጋልባሉ፣ ሥዕሎች ደግሞ ከዛፍ ወደ ዛፍ በተወጠረ ገመድ ላይ ይሰቀላሉ። አንድ ዓመት እኔም በቺፑድ ላይ በታፔላ ቀለም የሠራሁትን ሥዕል ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳስሬ ሄድኩ። ረዳቱ "የምን በር ነው?" ብሎኝ ነበር። ሥዕሉ በቡላ ፈረስ እየጋለቡ የሚስቁ ሽማግሌ ነው። አባቴ ናቸው፤ ለማንም አልተናገርኩም።

እሳቸውም ለግልቢያው መጥተዋል። ግልቢያ ላይ ቀርተው አያውቁም። ሥዕሉ ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

"ፈረሱ ተቆጥቷል" አሉ በመጨረሻ።

"እንዴት?"

"ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ የለ! አሁን ጌታውን አሽቀንጥሮ ሊጥለው ነው። ጌታው ደግሞ ይስቃል። ጅል ነው መሰለኝ።"

አጠገባችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ ጆሮውን ያጠፍኩት ፈረሱ የሚፈጥን እንዲመስል ብዬ ነበር። ቱግ አልኩ፤ ይህንንም የወረስኩት ከእሳቸው ነው።

"እንግዲያው እርስዎ ይሳሉት!" ብዬ ጮህኩባቸው።

አባት ላይ፣ ያውም በሰው ፊት፣ እንዲህ አይጮህም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዞረው ሄዱ። ሥዕሉን ከገመዱ አውርጄ በፊቱ ደፋሁትና ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለተኛ እንደማያናግሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ጥቂት ቆይቶ "ኧረ ዞር በሉ፣ ፈረስ ነው!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። አባቴ የራሳቸውን ቡላ ፈረስ እየሳቡ በሥዕሎቹ መካከል መጡ።

"አንሺው" አሉኝ። "እያየሽ ሥሪ።"

ከመድረኩ ድምፅ ማጉያው ሲያምባርቅ ቡላው ጆሮውን አጠፈ፤ ልክ እንደ ሥዕሌ። አባቴ አንገቱን እያሻሹ በአገውኛ ቀስ ብለው አናገሩት። ጆሮዎቹ ተራ በተራ ወደ ፊት ቀና አሉ። "ይኸው፣ አሁን ደስ ብሎታል" አሉ። ከቦርሳዬ ቀለምና ብሩሽ አወጣሁ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ቀለም ገባብኝ አልኳቸው።

አንደኛውን ጆሮ እንደጨረስኩ ፈረሰኞች እንዲሰለፉ ተጠራ። ሁለት ጓደኞቻቸው ከነፈረሶቻቸው መጡ።

"ምን ትጠብቃለህ? ሊጀመር እኮ ነው!"

"አባባ፣ ይሂዱ" አልኳቸው። "የቀረውን በቃሌ እሠራዋለሁ።"

ልጓሙን አልለቀቁም። ሥዕሉን አዩ፣ ፈረሱን አዩ፣ ከዚያ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

"እናንተ ሂዱ" አሏቸው። "እኛ አንድ ጆሮ ይቀረናል።"