የመዶሻ ሚስት ክንዶች

መዶሻ ይሉታል። የተጋጨ መኪና ላሜራ እየቀጠቀጠ ማቅናት ሥራው ስለሆነ ጋራዥ ውስጥ የወጣለት ስም ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ብረት ሲደበድብ የኖረ፣ ክንዱ የሌላውን ሰው ጭን የሚያህል፣ እጁን ግን በሰው ላይ አንሥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ይህን ዛሬ በድፍረት ስጽፍ ያን ጊዜ ያሰብሁትን ረስቼው አይደለም። አንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር፣ ሚስቱን ይደበድባታል ብለው ካመኑት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሚኖሩት ከፎቁ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ነበር፦ አልጋ፣ የስፌት መኪና፣ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ቁምሳጥን። ቁምሳጥኑን ሲጋቡ የሠራላቸው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ አናጺ ነው። ከግድግዳው ጋር በብሎን አጣብቆ፣ ዳርና ዳሩን በቀጭን እንጨት ከዘጋ በኋላ መዳፉን አራገፈና «በዚህ በኩል ክር እንኳ አታልፍም!» አለ። ሁላችንም አደነቅን።

ዝናብ የበረታበት ዓመት መጣ። ሰፊዋን ማሳከክ የጀመራት ከክንዷ መታጠፊያ ነው። ከዚያ አንገቷን፣ ከዚያ የዐይኗን ሽፋን ያዛት። በእንቅልፍ ልቧ ትቧጭራለች፤ ስትነሣ አንሶላው ደም ነው። ነርስ ዘንድ ሄደች። ነርሷ ቅባት ሰጠቻትና ጠየቀቻት፦

«ቤታችሁ ሻጋታ አለው? አንዳንድ ሰው ቆዳው ሻጋታ አይችልም። ያሳክከዋል፣ ያቆስለዋል።»

ባልና ሚስት ሦስቱን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበሱ። ነጭ ነው፤ ደረቅ ነው። አራተኛውን አላሰቡትም። ለእነሱ እሱ ግድግዳ ሳይሆን ቁምሳጥን ነበር። «የለም» አሏት ነርሷን።

ቀጥሎ የሠሩት ስህተት የባሰ ነበር። «ጥፍሬ ሊጨርሰኝ ነው፤ ስተኛ እጄን እሰርልኝ» አለችው። እምቢ አለ። አለቀሰች። ከስፌት በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ አሰራት። በእንቅልፏ ስትታገል ጨርቁ የእጅ አንጓዋን ላጠው። በነጋታው ውሃ ስትቀዳ እጅጌዋ ሲሰበሰብ፣ በሁለቱም አንጓዎቿ ዙሪያ የዞረውን ቀይ ቀለበት አየን። አየንና ዐይናችንን መሬት ላይ ጣልን።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ፣ እህቴ?» አለቻት አንዷ ጎረቤት።

«ማንም። ያሳክከኛል፣ እኔው ነኝ።»

የተመታች ሴት ምን ትላለች? ማንም አልነካኝም ትላለች። ያልተመታችውስ? ያንኑ። ዕድሜዬን በመጻሕፍት መካከል ጨርሻለሁ፤ ሁለቱን የሚለይ መስፈሪያ ግን ከአንዱም አላገኘሁም። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፦ ከጠየቅናት በኋላ መልሷን የሰጠናት እኛው ነበርን።

እናቷ ታመሙና ልታስታምም ሦስት ሳምንት ሄደች። እዚያ ክንዷ ጠራ፣ ዐይኗ ተከፈተ። ወንድሟ ይህን በዐይኑ አየ። ቤቷ በተመለሰች በዐሥረኛው ቀን ሊጠይቃት ሲመጣ፣ በሩን የከፈተችለት አብጣና ደምታ ነው። አንጓዋንም አየ። ሲወጣ በረንዳዬ ላይ አገኘኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ አይዋሹኝ። ይመታታል?»

«አላየሁም» አልሁ። እዚያ ላይ መቆም ሲገባኝ አልቆምሁም። «ግን ከዚህ ስትርቅ ይሻላታል፣ አይደል?» ብዬ ጨመርሁበት።

መዶሻ ጋራዥ ውስጥ አንድ ፓራፋንጎ፣ የመኪና ጎማ መከለያ ላሜራ፣ እያቀና ነበር። አለቃው እንደ ልማዱ ይተርበዋል፦ «ስማ መዶሻ፣ እንዲህ የምታባብለው ብረት ነው ወይስ ሕፃን?» ሳቁ ሳይበርድ አናጺው ገባ።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለህ?» አለ መዶሻ፣ ፊቱ በርቶ።

የመጀመሪያው ቡጢ ሁለት ጥርሱን አረገፈ። ሁለተኛው አፍንጫውን ሰበረው። ሲወድቅ ጎኑን በጫማ ይረግጠው ጀመር። «ታስራታለህ? እንደ ከብት ታስራታለህ?»

«እሷን ጠይቃት» ይላል መዶሻ ደም እየተፋ። «ጋሼ፣ እሷን ጠይቃት።»

«ጠየቅኋት! ያስጠናሃትን ነገረችኝ!»

የሚሠራበት መዶሻ ያን ሁሉ ጊዜ በእጁ ነበር፤ አላነሣውም። አናጺው ነጠቀው። የቀኝ እጁን ፓራፋንጎው ላይ ጫነና በገዛ መዶሻው መታው። አለቃው «እጁን ተው! በሱ ነው የሚበላው!» ብሎ ሲደርስ ሦስት ጣቶች ደቀዋል።

አናጺው ከዚያ በቀጥታ ወደ ግቢያችን መጣ፤ በአንድ እጁ መጥረቢያ፣ በሌላው የምስማር መንቀያ ይዟል።

«ዕቃሽን ሰብስቢ። ከዚህ አውሬ ዘንድ አታድሪም።»

«እጅህ ላይ ያለው የማን ደም ነው?»

«ሰብስቢ አልኩሽ!»

«አልመታኝም! በምን ቋንቋ ልንገርህ?»

«ቁምሳጥኔንም አልተውለትም» አለና መንቀያውን ከዳሩ እንጨት ሥር ሰነቀረው። እንጨቱ ጮኸ። ብሎኖቹ ከነልስናቸው ተነቀሉ። ቁምሳጥኑ ተፈናቅሎ ሲዞር ቀድሞ የወጣው ሽታ ነው፤ ረጥቦ የከረመ ጆንያ ሽታ። በሩ ላይ የተሰበሰብነው ሁሉ አፍንጫችንን ያዝን።

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል። በየቦታው አረንጓዴ ጠጉር አብቅሏል። ከፎቁ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ቱቦ ልስኑ ውስጥ ሲያፈስ ከርሟል። የቁምሳጥኑ ጀርባ በስብሶ ተልጧል፤ ሻጋታው ዘልቆ የታጠፉት አንሶላዎችና ቀሚሶቿ ላይ ነጠብጣብ ጥሏል። ሰፊዋ ከዚያ ያወጣችውን ስትለብስ፣ ከዚያ ባወጣችው ላይ ስትተኛ ነበር።

«እናታችን ዘንድ የዳንኩት…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

አናጺው ራሱ የዘጋውን ዳር አየ። መጥረቢያውን አንሥቶ ቁምሳጥኑን ሰው እንደሚገድል ይከትፈው ጀመር። ስንጥሩ ግድግዳውን ይመታል፣ ጥቁር ብናኝ ክፍሉን ሞላው።

«ተው! እኔ ላይ አታብንነው!» ብላ ጮኸች። ያኔ መጥረቢያውን አወረደ።

መዶሻ አለቃውን ተደግፎ ገባ፤ እጁ በሸሚዝ ተጠቅልሏል። አናጺው ተንበረከከና የመጥረቢያውን እጀታ ዘረጋለት።

«ምታኝ።»

«በየትኛው እጄ?» አለ መዶሻ።

የመታችው ሰፊዋ ናት። በእንጨት ማስመሪያዋ፣ ፊቱ ላይ፣ ሁለት ጊዜ። «ይሄ ለሱ አይደለም፤ የሱን እሱ ያውቃል። ይሄ ‹አልመታኝም› ስልህ ውሸታም ላደረግኸኝ ነው።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። ማስመሪያው ተሰብሮ ነበር፤ ባይሰበር ለእኛም ይደርሰን ነበር።

ቱቦው ተጠገነ፤ ልስኑ እስከ ጡቡ ተፋቀ፤ እነሱም ወደ ላይኛው ፎቅ ተዛወሩ። ቆዳዋ በወራት ውስጥ ጠራ። የእሱ ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ። አሁን ጋራዡ ውስጥ በግራ እጁ ቀለም ይረጫል፤ መዶሻ መባሉ ግን አልቀረም። አዲስ ተከራይ ጣቶቹን አይቶ ሲጠይቅ «ሚስቱን ይመታ ነበር፤ ወንድሟ ነው የሰበረው» የሚል አሁንም አይጠፋም። በሰማሁ ቁጥር አርማለሁ። እኔ አንዴ የተናገርሁትን ለማረም ስንት ጊዜ መናገር እንዳለብኝ አላውቅም።

አናጺው ሌላ ቁምሳጥን ሠርቶላታል፤ እግር ያለው፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር የራቀ። ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ ሰላም ከማለቱ በፊት ክንዱን ከቁምሳጥኑ ጀርባ አስገብቶ ግድግዳውን ይዳብሳል። መድረቁን ሲያረጋግጥ ብቻ ዞሮ ለመዶሻ እጁን ይዘረጋል።

መዶሻ ግራውን ይሰጠዋል።