የሁለተኛው ምስክር ቦታ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ስታገባ የጋብቻ ውሏ ላይ በምስክርነት እንድፈርም ጠሩኝ። ብዕሩን ይዤ ዘገየሁ። ሙሽራይቱ «አጎቴ፣ መነጽርዎን ረሱ እንዴ?» ብላ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቀችም።

እናቷ ያሳደገችኝ እህቴ ጥሩወርቅ ናት። እናታችን ስትሞት እሷ ፊደል ሳትቆጥር ቀርታ፣ ብቸና ገበያ ዳር አረቄ እያወጣች እኔን አስተማረች። ከአረቄዋ በተረፋት፣ አንዱን ዓመት ማገር ሌላውን ዓመት ጭቃ እያለች የራሷን ቤት አቆመች። የሞጣው ነጋዴ ሽማግሌ ሲልክባት የቀረው ቆርቆሮ መምታት ብቻ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ የሃያ ሁለት ዓመት አዲስ አስተማሪ ነኝ፣ በእጅ ጽሕፈቴ የምኩራራ።

«ወንድምዓለም፣ ሰውየውን ክፉ አልለውም» አለችኝ። «ብቻ ቤቷ የኔ መሆኗ ይጻፍልኝ።»

ፍርድ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። «በጽሑፍ ይሁን፤ ከሰርጉ ቀን አይለፍ። አራት ምስክር ይፈርም፤ ሁለት በባል ወገን፣ ሁለት በሚስት ወገን። ቅጂውን ፍርድ ቤት አስቀምጡ» አለኝ። እንዳለው ጻፍሁ። ቤቱ ቆርቆሮ ቢለብስም፣ ክፍል ቢጨመርበትም የእሷ ብቻ ነው አልሁ። ሙሽራውም ሳያንገራግር ተስማማ። በእኛ ወገን አጎታችንና እኔ እንድንፈርም ተቆረጠ።

ቀደም ብለን አስፈርመን ቢሆን ኖሮ እላለሁ ዛሬ። እኛ ግን ነገራችን ሁሉ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው። ሙሽራው ከሞጣ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ሚዜዎቹን የመንገዱ አቧራ አልብሷቸው ነበር። ዳሱ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጠላ ይሸታል። ቆሜ ውሉን አነበብሁ። ሁለቱ የባል ምስክሮች ፈረሙ፤ አጎታችን ፈረመ። ብዕሩ ወደ እኔ ሲዞር የሙሽራው አጎት መምሬ አያሌው፣ «እኛስ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለመብላት ብቻ ነው?» አሉ እየሳቁ።

አጎታችን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልቀቅላቸው እንጂ» አለኝ። «ከዛሬ ወዲያ ምን ሁለት ወገን አለ?»

ሁለትና ሁለት መሆን እንዳለበት አውቃለሁ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በሰርግ መሐል ሕግ መጥቀስ አማቾቻችንን አላምናችሁም ማለት መሰለኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ብዕሩን በሁለት እጄ ለመምሬ ሰጠሁ። እልልታው ቀለጠ። እውነቱን ለመናገር፣ «የጨዋ ልጅ» ስባል ደስም ብሎኝ ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ ተፋቱ። እህቴ ውሉን በፌስታል ጠቅልላ ፍርድ ቤት ቀረበች። ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ፣ «በሚስት ወገን ሁለተኛው ምስክር ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። መምሬ ቄስ ናቸውና አልዋሹም፤ «እኔ የባልየው አጎት ነኝ» አሉ። ውሉ ዋጋ አጣ። ቤቱም ቆርቆሮ የለበሰው፣ ክፍል የተጨመረበት በትዳር ውስጥ ነውና የጋራ ተባለ። ተሸጦ ተካፈሉት፤ እህቴ ኪራይ ቤት ገባች።

ከችሎት ስንወጣ አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም። «አንተ እኮ እዚያው ነበርክ» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንሥታውም አታውቅ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እና ባለፈው ጥር፣ ብዕሩን ይዤ ስዘገይ፣ ከወዲያ ጥግ «ለእንግዳ ይለቀቅ እንጂ» የሚል ድምፅ መጣ።

«አይለቀቅም» አልሁ።

አንዳንዱ ባለጌ ሳይለኝ አልቀረም። ፈረምሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ ቢሆንም ፈረምሁ።

እህቴ ቀረብ ብላ «ስምህ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። ጣቷን ስሜ ላይ አሳርፋ ቆየች፤ ከዚያ የሌሎቹንም ፊርማ አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረችና ወረቀቱን ለልጇ ሰጠች።

ያን ጊዜ ለእንግዳው የለቀቅሁት የራሴን ቦታ መስሎኝ ነበር። ለካ የለቀቅሁት የእሷን ነው።